የድንበሩ ድንጋይ ሽበት

ከዳባት ከተመለስኩ ወር አልፎኛል። ጎረቤቶቼ «ጎንደር ድረስ ሄደሽ ቤተ መንግሥቱን አየሽው?» ይሉኛል። አላየሁም። አምስት ቀን ተጉዤ ያየሁት አንድ ድንጋይ ነው። እሱን ልንገራችሁ፤ ቤተ መንግሥቱን የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም።

ሥራዬ የድንጋይ ሽበት ነው። ድንጋይ ላይ፣ ግንድ ላይ፣ የአጥር እንጨት ላይ ተለጥፎ የሚያድገውን ግራጫ ነገር ሳታዩት አትቀሩም፤ ብዙ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። በሳይንሱ ላይከን ይባላል። አንድ ፍጥረት እንኳን አይደለም፤ ፈንገስና አልጌ አንድ ቤት ገብተው ነው። አልጌዋ ከፀሐይ ምግብ ትሠራለች፣ ፈንገሱ ጣራና ግድግዳ ይሆናታል። ስሙ ግን የፈንገሱ ብቻ ነው፤ ቤቱ በአባወራው እንደሚጠራ ማለት ነው። ድሮ ዝርያውን የምንለየው በዓይን፣ በማጉያ መነጽርና በአንድ ጠብታ በረኪና ነበር። በረኪናው ቀለሙን ከለወጠው አንድ ዝርያ፣ ካልለወጠው ሌላ። አሁን ቁራጩን ፈጭተን ዲ ኤን ኤውን እናወጣና እንደ ፊደል እናነበዋለን፤ ማን የማን ወንድም፣ ማን የማን ያጎት ልጅ እንደሆነ እሱ ይነግረናል። እኔ አዲስ አበባ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ የሽበት ዘር ስቆጥር የኖርኩ ሴት ነኝ። ቤቴ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ቁልፉም አንድ ነው።

የዚህ ጉዞ መነሻ ጋሼ ይልማ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው ጎንደር ይኖራሉ። በዕድሜያቸው አንድ ዝርያ ለዓለም አስመዝግበዋል። አንድ ብቻ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ዳባት አካባቢ ከአንድ የእርሻ ድንበር ድንጋይ ላይ ያነሱት ነው፤ በረኪና ሲነካው ደም መስሎ ይቀላል። እሱን የሚመስለው ተራው ሽበት አይቀላም። «በዓለም ላይ እዚያች ድንጋይ ላይ ብቻ ያለ» እያሉ ሲያስተምሩን ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

ባለፈው ክረምት የሳቸውን አሮጌ ናሙና ከመዝገብ ቤታችን አውጥቼ ዲ ኤን ኤውን ባነበው፣ የተራውን ሽበት ፊደል ሰጠኝ። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ናሙናው ሠላሳ ዓመት ከሌላው ጋር ሲተሻሽ ተበክሏል፣ ወይ የጋሼ ይልማ ዝርያ የሚባል ነገር የለም። ይህን የሚለየው ከዚያው ድንጋይ የተነሳ ትኩስ ናሙና ብቻ ነው። የለም ከተባለ ደግሞ ስሙን ከመዝገብ የምሰርዘው እኔው ነኝ። በሥራ ዘመኔ ተሳስቼ በሆነ ብዬ የተመኘሁት ይህን አንድ ውጤት ነው።

ሐሙስ

መንገዱ ክፍት መሆኑን ሦስት ሰው በስልክ ጠይቄ ነው የተነሳሁት፤ በዚህ ዘመን ከሻንጣ በፊት ወሬ ነው የሚሸከፈው። አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ገና ሳንነሳ ተኛ፣ አዘዞ ስናርፍ ነቃና «ደረስን?» አለኝ። በመንገድ ያናገረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

የጎንደሩ አራዳ ውስጥ አንድ ፔንሲዮን ክፍል ያዝኩ። እኔ የምሠራበት ሰፈር ሕንፃው ሁሉ መስታወት ነው፤ የራስን ፊት እንጂ ሰው አያሳይም። አራዳ ሱቁ ዝቅ ያለ ነው፣ ባለሱቁም በሩ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላል። በረኪና ልገዛ ገባሁ።

«ስንት ሊትር?» አለኝ ባለሱቁ።

«ትንሽ ይበቃኛል። በጠብታ ነው የምጠቀመው።»

«በጠብታ የሚታጠብ ምን ዓይነት ልብስ ነው?»

«ልብስ አይደለም። ድንጋይ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝና ሌላ አልጠየቀም። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ቀዳልኝ፣ ክዳኑን ጠበቅ አደረገና «እግዜር ይርዳሽ» አለኝ። የምሩን ነበር።

የጋሼ ይልማ ቤት ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ልጆቻቸው አንዷ ባሕር ዳር፣ አንዱ ሐዋሳ ኑሮ ይዘዋል። ቤታቸው ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። አንደኛው ላይ መጽሐፍ ተከምሯል፤ ለኔ ብለው ሲያነሱት የመጽሐፉ ቅርጽ በአቧራ ተስሎ ቀረ። አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ ተቀመጥኩበት። አልፈረድኩባቸውም፤ የኔም ሁለተኛ ወንበር የልብስ ማስቀመጫ ከሆነ ቆይቷል።

«ምን እግር ጣለሽ?» አሉኝ።

«ከድንጋዩ ትኩስ ናሙና ፈልጌ ነው፣ ጋሼ። የርስዎ አርጅቷል።»

«እኔም አርጅቻለሁ። ለኔ ትኩስ ከየት ታመጪልኛለሽ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን፣ «አሮጌውን አላነበብሽውም?» አሉኝ።

«ገና ነው» አልኳቸው። ዓይኔን ግድግዳ ላይ ተክዬ ነው የዋሸሁት። ለመምህር መዋሸት እንዲህ እንደሚያሳፍር አላውቅም ነበር።

ወረቀት አውጥተው መንገዱን ሣሉልኝ። ከዳባት ወደ ምሥራቅ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ፣ የአያ ሞላ እርሻ። «ድንጋዩን ሳታስፈቅጂ እንዳትነኪ» አሉኝ። «ያኔ አባቱን ለማስፈቀድ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።»

የነቢያት ጾም ስለሆነ ራሳቸው ሽሮ ሠርተው አቀረቡ። ጨው በዝቶበታል። መብላት እንደጀመርን ጠቅልለው ጉርሻ ዘረጉልኝና፣ «ሰው ለብቻው ሲበላ ሁሉን ይበላል፤ ጉርሻ ግን ለራሱ አይሰጥም» አሉኝ። ጨዋማም ቢሆን ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ተቀበልኩ።

ዓርብ

በጠዋት ደባርቅ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ቦርሳዬን ጣራ ላይ ሊጭን ታገለኝ፤ እምቢ ብዬ ጭኔ ላይ አደረግኩት። እምቢ ባልል ይሻለኝ ነበር። አምባ ጊዮርጊስን ሳናልፍ የበረኪናው ክዳን ለቀቀና ጥቁሩ ሹራቤ ላይ ፈሰሰ። ሽታው መኪናውን ሞላው። መስኮት ተከፈተ፣ ብርዱ ገባ፣ ያኔ ደግሞ በብርዱ ተማረሩ። ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል።

አጠገቤ የነበረችው ደባርቅ የምትሠራ ነርስ ናት። የራሷን የመጠጥ ውሃ አውጥታ እጄን አጠበችልኝ፤ ፎጣዋንም ሰጠችኝ። ሹራቤ ግን አልዳነም። ጥቁሩ ቦታ ቦታውን ቀላ። በጋሼ ይልማ ሕግ ከሄድን እኔም አዲስ ዝርያ ሆኛለሁ ማለት ነው። ቀልዱን የምነግረው ሰው አልነበረኝምና ለብቻዬ ሳቅኩ፤ ነርሷ ግን የደነገጥኩ መስሏት እጄን ያዘችኝ። እስከ ዳባት አልለቀቀችኝም፣ እኔም አላስለቀቅኳትም።

ዳባት ይበርዳል። አዲስ አበባ በርዶኛል የምንለው ነገር እዚህ ሙቀት ይባላል። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ውሃው ፊት ላይ ሲያርፍ ይቆነጥጣል፣ ብርድ ልብሱ ግን ሦስት ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ምስር ወጥ አዝዤ ስቀመጥ አስተናጋጇ «ሰው ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ። አይ አልኳት። ሂሳብ የሚቀበለው ሰውዬ «ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። የፔንሲዮኑ ዘበኛም ጠየቀኝ። አዲስ አበባ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም፤ በደረጃው ብወጣ ብወርድ ማንም ልብ አይለኝም። የቱ እንደሚሻል እስካሁን አልወሰንኩም። ዳባት ግን በአንድ ማታ ሦስት ጊዜ ብቻዬን መሆኔን ስናገር አምሽቼ ደክሞኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ

ገበያ ነው። አገሩ ሁሉ ገብስና ባቄላ ጭኖ ወደ ዳባት ሲወርድ እኔ ብቻ ሽቅብ እሄዳለሁ። ያገኘኝ ሁሉ «ደኅና አደርሽ» ይላል፣ ቀጥሎም «ምነው፣ ገበያው በወዲያ ነው» ይለኛል። አንዲት ሴትዮ መንገድ የጠፋብኝ መስሏቸው ክንዴን ይዘው ሊያዞሩኝ ሞክረው ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሄጄ ቤተ ክርስቲያኑን አለፍኩ፤ ወዲያው ያ በወረቀት የተሣለልኝ ማሳ መጣ።

አያ ሞላ ድርቆሽ ሲከምሩ አገኘኋቸው። ሰባውን ያለፉ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ።»

«እግዜር ይመስገን። ደኅና ዋልሽ? ከወዴት ነሽ ልጄ?»

ከአዲስ አበባ መምጣቴን ነግሬ ማኅተም ያለበትን የትብብር ደብዳቤዬን ሰጠኋቸው። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የነበሩ ናቸው፤ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡት። «ለሚያካሂዱት የዘር ምርመራ ሥራ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው።» እዚያ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«የዘር ምርመራ» አሉ።

«አዎ። ከድንበሩ ድንጋይ ላይ።»

«ከድንጋዩ ዘር ይገኛል?»

«ይገኛል፣ አያ። ትንሽ ነገር ይበቃኛል። ማን የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተወለደ ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል።»

እኔ የማወራው ስለ ሽበቱ ነው። ደብዳቤውንም ያረቀቅኩት ራሴ ነኝ፤ «ዘር» ብዬ ስጽፍ ላቦራቶሪ ውስጥ ነበርኩ። በዚህ አገር ግን ዘር ተቆጥሮ ነው መሬት የሚጠየቀው። አያ ሞላ በዚያች ድንጋይ የተነሳ ከሟች ወንድማቸው ልጅ ጋር ሦስት ዓመት ሲካሰሱ መኖራቸውን እኔ በምን ልወቅ?

ድርቆሹን ትተው ወደ ድንጋዩ ወሰዱኝ። ከጉልበት ከፍ የምትል ጥቁር ድንጋይ ናት፤ ወዲህና ወዲያ ሙሉ በሙሉ በግራጫ ክብ ክብ ሽበት ተሸፍናለች። ከፈሰሰው በረኪና የተረፈችውን በማንጠብጠቢያ አነሳሁና አንዱ ላይ ጠብ አደረግኩ። ወዲያው ቀላ። ከተማሪነቴ ጀምሮ በመጽሐፍ ያየሁት ቅላት ከፊቴ ነበር። አያ ሞላ አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ።

«ደም አወጣ» አሉ ቀስ ብለው። «የማን ነው?»

«እሱ ገና በላቦራቶሪ ነው የሚለየው» አልኩ። ቂል ነኝ። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ቂል ብቻ ነው።

ልቆርጥ ስል ከለከሉኝ። የድንበር ድንጋይ ባለድንበሩ በሌለበት በአንድ ወገን እጅ አይነካም። ባለድንበሩ የወንድማቸው ልጅ አለምነው ነው፤ እሱ ደግሞ ገበያ ወርዷል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ በሽማግሌ ፊት ይሆናል አሉኝ። «እስከዚያ የኔ እንግዳ ነሽ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ የገብስ እንጀራ በባቄላ ወጥ አቀረቡልኝ፤ ሦስት ጊዜ «የጾም ቀን መጣሽብኝ እንጂ» እያሉ ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔ እንዲህ ያለ እራት ከበላሁ ዘመን የለኝም፤ ቤቴ ዳቦና ሻይ ነው። እየበላሁ ጥያቄው መጣ።

«ልጅ ስንት አለሽ እቴ?»

«የለኝም።»

«ባልሽስ ደኅና ነው?»

«ባልም የለኝም።»

«እህት ወንድም?»

«አንድ ወንድም አለኝ። ሩቅ ነው ያለው።»

ወይዘሮ ብርቄ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። «ምነው የኔ ሸጋ፣ የሰው ዘር ስትቆጥሪ የራስሽን ረሳሽው?»

ክፉ አስበው አይደለም። የራሳቸውን ጋቢ አልብሰውኝ፣ ከሳቸው መደብ ላይ ነው ያስተኙኝ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። ሃያ ዓመት ማንም እንዲህ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

እሑድ

ስነሳ ቤቱ ባዶ ነው። አያ ሞላ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ወይዘሮ ብርቄም ቅዳሴ ሄደዋል ብዬ ወደ ድንጋዩ ስወጣ፣ እዚያው ተንበርክከው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ጀሪካን ውሃና አመድ አለ፣ እጃቸው ላይ እፍኝ ጭድ። የድንጋዩ ወዲህኛው ፊት ጥቁር ሆኖ ያበራል።

«ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

«አጠብኩልሽ» አሉኝ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። «ያ ሽበት ሸፍኖት ዘሩ እንዳይጠፋብሽ ብዬ። እንግዳ ሥራ ሲበዛበት ዝም ይባላል?»

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ጮህኩባቸው፤ እውነቱን ልናገር እንጂ። «የምፈልገው እኮ ሽበቱን ነው! ሽበቱን ነው ያጠቡት!» እናቴን የሚያክሉ ሴት ከነጭዳቸው ቆመው አዩኝ።

«ቆሻሻውን?» አሉ። ፊታቸው ላይ የወጣውን እፍረት ሳይ የጮህኩበትን አፌን ጠላሁት።

በዚህ መሀል አያ ሞላ፣ አለምነውና ሁለት ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያን መጡ። አለምነው አርባ ዓመት ያህለዋል፤ ታጥቦ የተተኮሰ ልብስ ለብሷል። ፍርድ ቤት ሊቀርብ የመጣ ነው የሚመስለው፤ ለካ እሱም እንደዚያ ነው የመሰለው። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። አንደኛው «እንግዲህ ልጄ፣ የሁለቱን ዘር በየትኛው በኩል ነው የምትጀምሪው?» ሲሉኝ ነው የሆነው ነገር ሁሉ የገባኝ።

ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁ። ላይከን ምን እንደሆነ፣ ፈንገሱን፣ አልጌዋን፣ መምህሬን፣ በረኪናውን። ደም አለመሆኑን ሁለት ጊዜ ተናገርኩ።

«እና የመጣሽው የሞላንና የአለምነውን ዘር ልትመረምሪ አይደለም?» አሉ ሽማግሌው።

«አይደለም። የሽበቱን ነው።»

«የሽበቱን ዘር።» ሌላኛውን ሽማግሌ አዩ። ከዚያ ሁለቱም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ወይዘሮ ብርቄም አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። አያ ሞላ አልሳቁም፤ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ዓይናቸው ይናገራል። አለምነውም አልሳቀም።

«እኔ እኮ ዛሬ ይለይልናል ብዬ ነበር» አለ።

«እኔም» አሉ አያ ሞላ። አጎትና የወንድም ልጅ በሦስት ዓመት ያወሩት ይህን ብቻ እንደሆነ ኋላ ነው የሰማሁት።

እኔ ግን ሳቁም ሙግቱም አልታየኝም። በባዶ እጄ ልመለስ ነው፤ በቃ። ይህን ጊዜ ወይዘሮ ብርቄ እጄን ጎተት አደረጉኝ።

«ያንተን በኩል እኮ አልነካሁትም» አሉ ወደ አለምነው እያዩ። «ድንበር አይደል? ለሰው ወገን እጄን አልሰድም።»

ዞሬ አየሁ። የድንጋዩ ወዲያኛው ፊት እንዳለ ነው። ሽበቱ ከላይ እስከ ታች፣ ክብ ክብ እንዳለ። መካከሉ ላይ በአመድ የተሠመረ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ ወይዘሮ ብርቄ አንዲት ጣት አላለፉም። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ልስም ነበር፤ አነሱኝ።

መሮና መዶሻዬን ሳወጣ አለምነው ከፊቴ ቆመ። «ከኔ ወገን ብቻ? አይሆንም። ነገ ድንጋዩ በአለምነው በኩል ተጠረበ፣ ድንበሩ ገፋ ይባላል። ከሁለቱም እኩል ውሰጂ፣ አለዚያ ተይው።»

«ወዲህ በኩል ምንም የለም እኮ፤ ታጥቧል።»

«የለም የምትይውን ውሰጂ።»

ሽማግሌዎቹ ልክ ነው አሉ። ስለዚህ መቅላቱን በጠብታ አረጋግጬ ከአለምነው በኩል ጥፍር የምታህል ሽበት አነሳሁ፣ ከአያ ሞላ በኩል ደግሞ ያችኑ የምታህል ባዶ ድንጋይ ከነአመዷ ፋቅኩ። ሁለት ፖስታ ላይ የሁለቱን ስም ጻፍኩ፤ ሽማግሌዎቹ ሲታሸግ ቆመው አዩ። በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ጥብቅ ርክክብ አድርጌ አላውቅም። አለምነው ስልክ ቁጥሬን ተቀበለኝና ዳባት ድረስ ቦርሳዬን ተሸክሞ ሸኘኝ። መንገዱን ሙሉ አላወራንም፤ እሱም ዝም ማለት የሚያውቅ ሰው ነው።

ሰኞ

ጎንደር ስገባ መጀመሪያ ጋሼ ይልማ ቤት ሄድኩ። ወንበሩ ላይ መጽሐፍ አልነበረም፤ አልመለሱትም። ፖስታውን ስከፍትላቸው መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ማጉያውን ዓይናቸው ላይ ደቅነው ብዙ ቆዩ።

«ደኅና ነው?» አሉኝ፤ ስለ ሰው እንደሚጠየቅ አድርገው።

«ደኅና ነው ጋሼ። በዝቷል።»

የወይዘሮ ብርቄን እጥበት ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ስለ አሮጌው ናሙና ውጤት ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። ሲስቁ ሳይ አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ በነበረው አውሮፕላን አዲስ አበባ ገባሁ፤ ቤቴን ከፍቼ መብራት አበራሁ። የሄድኩ ዕለት የጠጣሁበት ብርጭቆ እንዳስቀመጥኩት ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ

አመድ ያለባት ፖስታ እንደተጠበቀው ምንም አልሰጠችም። ሁለተኛዋን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩ፤ የተራው ሽበት ፊደል ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። አሮጌው ናሙና አልተበከለም ነበር። ቅላቱ አንድ ንጥረ ነገር በመኖሩ ብቻ የመጣ ነው፤ ከአንድ እናት ልጆች አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም እንደሚሆነው። ዝርያው የለም።

ሳልደውል ሁለት ቀን ቆየሁ። መጀመሪያ የደወለው አለምነው ነው። «ቀዩና ተራው ሽበት ዘመዳሞች ናቸው?» አለኝ። «አንድ ናቸው» አልኩት። «እሺ፣ ለአያ ሞላም እነግራቸዋለሁ» አለ። ያን ጊዜ እኔም ለራሴ ሰው መንገር እንዳለብኝ አመንኩ።

ጋሼ ይልማ ስልኩን ወዲያው አነሱት።

«አንድም ፊደል አልተለየም?» አሉኝ።

«አንድም፣ ጋሼ። ሐሙስ ዕለትም ዋሽቼዎታለሁ። አሮጌውን አንብቤው ነበር።»

«አውቄአለሁ። የሚያስፈራሽ ነገር ባይኖር ለአንድ ናሙና ያን ያህል መንገድ አትመጪም ነበር» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ብቸኛ ነው እያልኩ አስተማርኩ። ለካ አገር ሙሉ ዘመድ አለው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን አልዋሽሽም፣ ከፍቶኛል።»

«ልተወው? ሳልጽፈው ልተወው?»

«ጻፊው። ሌላ ሰው ቢያገኘው ኖሮ ጽፎት እኔ ከመጽሔት ላይ አነበው ነበር። አይደውልልኝም ነበር።»

በስልኩ ውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። እንዳላስቸግራቸው ብዬ ልሰናበት ስል፣

«ሥራ ከሌለብሽ ትንሽ ቆዪ» አሉኝ።

ሥራ ነበረብኝ። «የለብኝም» አልኳቸው።